የኩፍኝ ክትባት ለምን በ9 ወር? ማይክሮባዮሎጂን፣ ኢሚዩኖሎጂንና ተላላፊ በሽታዎችን አንድ ላይ አጥንቶ ለፈተና መድረስ

ጅማ ተከራይቼ ስማር አከራዬ አንድ ማታ ቡና እያፈሉ የልጅ ልጃቸውን የክትባት ካርድ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። «አንተ ልጄ፣ የጤና ተማሪ አይደለህ እንዴ? የኩፍኙን ለምንድነው 9 ወር ሲሞላው አምጡት ያሉን? የቲቢውን እኮ ገና እንደተወለደ ወግተውታል።» በዚያው ሳምንት የኢሚዩኖሎጂ ሚድ ነበረብኝ። አይጂጂ የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንሱ የሚገባ ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣዋለሁ። የእማማን ጥያቄ ግን መመለስ አቃተኝ። «አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ እማማ» ብዬ ሲኒዬን አነሳሁ። ሚዱ ላይ ያው ጥያቄ በምርጫ መልክ መጣ፤ ሳትኩት።

መልሱ ከባድ አልነበረም። ከእናት የመጣው አይጂጂ በሕፃኑ ደም ውስጥ ለወራት ይቆያል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሥራውን ለመሥራት ሰውነት ውስጥ መባዛት አለበት። የእናትየው አይጂጂ ገና ካለ ቫይረሱን ሳይባዛ ይይዘዋል፤ ክትባቱ ባከነ ማለት ነው። 9 ወር ላይ የእናት ድርሻ አብዛኛው አልቋል። የቲቢው ክትባት ቢሲጂ ግን ይህ ችግር የለበትም። ቲቢን የሚከላከለው በዋናነት ቲ ሴልና ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች እንጂ ፀረ እንግዳ አካል ስላልሆነ፣ የእናት አይጂጂ ኖረም አልኖረም ክትባቱን አያግደውም።

ልብ በሉ፤ ጥያቄዋ አንዲት ናት። ለመመለስ ግን የቫይረሱን ባሕርይ ከማይክሮባዮሎጂ፣ አይጂጂን ከኢሚዩኖሎጂ፣ የኩፍኝን ዕድሜ ከተላላፊ በሽታዎች ማምጣት ይፈልጋል። እኔ ሦስቱን በሦስት ደብተር፣ በሦስት የተለያየ ሳምንት ነበር የምሸመድደው። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን አግዛለሁ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚቀመጡበት ሲሆን ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከታች ያለው ለእነሱ የምነግራቸው ነው። 6 ሳምንት አለን ብዬ ነው የማስበው፤ ያላችሁ 3 ሳምንት ከሆነ ቅደም ተከተሉን ሳትነኩ እያንዳንዱን በግማሽ አሳጥሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ስልካችሁ ላይ የወረደ ሞጁል ይበቃል። «የወረደ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራትም ኔትወርክም አብረው ይሄዳሉ፤ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ያን ማታ አይከፈትም።

ሃንድአውቱን በሃይላይተር ቢጫ ማድረግ ጥናት አይደለም። እጅ ይሠራል፣ ዓይን ይሠራል፣ ጭንቅላት ያርፋል። ሲኒየሮች የሚያወርሱት የድሮ ፈተና ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን መለማመጃ እንጂ መነሻ አይሁን። እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በእሱ ላይ ተደግፌ «መልሱ ሲ ነው» እያልኩ ያዝኩ። የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል ቀየሩብንና አለቀልኝ።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ መረዳቱ ግን በእናታችሁ ቋንቋ ይሁን። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ለራሳችሁ ተናገሩት፣ የቃሉን አጻጻፍ ብቻ በፈተናው ቋንቋ ያዙ። የአገር ቤት ስሞችን አትናቁ። አባ ሰንጋ አንትራክስ ነው፣ መንጋጋ ቆልፍ ቴታነስ፣ ትክትክ ፐርቱሲስ፣ ጨብጥ ጎኖሪያ፣ ወስፋት አስካሪስ። «መንጋጋ ቆልፍ» የሚለው ስም ዋናውን ምልክት ነግሯችኋል፤ ለምን እንደሚቆልፍ ማወቅ ነው የቀራችሁ። የቴታነስ መርዝ ጡንቻን «በቃህ፣ ላላ» የሚለውን የነርቭ መልእክት ያግዳል፣ ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀራል።

1ኛ ሳምንት፦ የባክቴሪያው ግድግዳ

የባክቴሪያ ስም ዝርዝር ይዛችሁ አትጀምሩ። ከግድግዳው ጀምሩ፤ ግማሹ ማይክሮባዮሎጂ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክሪስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመውን የማቅለሚያ ዘዴ ዛሬም በየቀኑ እንሠራዋለን። ስላይዱ ላይ የተቀባው ናሙና ደርቆ በእሳት ከተያያዘ በኋላ ክሪስታል ቫዮሌት ለ1 ደቂቃ ይፈስበታል፣ ይታጠባል። ከዚያ አዮዲን ለ1 ደቂቃ፣ ይታጠባል። ከዚያ አልኮል ወይም አሴቶን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ወዲያው ይታጠባል። በመጨረሻ ሳፍራኒን። ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ ያለው ወይን ጠጁን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ግራም ፖዘቲቭ ነው። ቀጭን ግድግዳና ከውጭ የስብ ሽፋን ያለው ደግሞ አልኮሉ ስቡን ስለሚያሟሟበት ወይን ጠጁን ይለቅና ሳፍራኒኑን ይይዛል። ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ግራም ኔጌቲቭ ነው።

አሁን ወረቀቱን ገልብጡና ራሳችሁን አስጨንቁ። አልኮሉን ባላፈስስ ምን ይሆናል? ሁሉም ወይን ጠጅ። አልኮሉን አብዝቼ ባቆየው? ፖዘቲቩም ይለቅና ሮዝ ይሆናል። ሳፍራኒን ብረሳስ? ኔጌቲቩ ቀለም አልባ ሆኖ ከዓይን ይሰወራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስላይዱን ቧንቧ ሥር ይዤ ከሰው ጋር ሳወራ አልኮሉ ቆየብኝ። ስታፊሎኮከስ እንደሆነ የምናውቀው የመቆጣጠሪያ ናሙና ሮዝ ሆኖ ወጣ። ክቦቹ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘዋል፣ ቀለሙ ግን ዋሽቷል። ፈታኝ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ቀጥሎ በግራም የማይታዩትን አክሉ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ጻፉ። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳው በማይኮሊክ አሲድ ሰም የተለበጠ ስለሆነ በሙቀት የሚገባ ካርቦል ፉክሲን ይፈልጋል፤ ዚል ኒልሰን የምንለው ነው። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። የቂጥኝ ትሬፖኒማ ከመጠን በላይ ቀጭን ነው። ሪኬትሲያና ክላሚዲያ ሴል ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ።

እዚያው ሥዕል ላይ በቀይ እስክሪብቶ መድኃኒቶቹን በየሚመቱበት ቦታ አስቀምጡ። ግድግዳው ላይ ፔኒሲሊን፣ ሴፍትሪአክሶንና ቫንኮማይሲን። ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ሁለት ክፈሉት፦ 30ኤስ ላይ ዶክሲሳይክሊንና ጄንታማይሲን፣ 50ኤስ ላይ ኤሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲንና ክሎራምፌኒኮል። ዲኤንኤ ጋይሬዝ ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ ላይ ሪፋምፒሲን፣ ፎሌት ላይ ኮትሪሞክሳዞል። አለቀ። ከዚህ በኋላ «ማይኮፕላዝማን አሞክሲሲሊን ለምን አይነካውም?» ስትባሉ ሥዕሉን ዓይናችሁ ፊት ታመጣላችሁ፤ የሚመታው ግድግዳ የለማ። ጉንፋን ሲይዛቸው አሞክሲሲሊን ለሚጠይቋችሁ ጎረቤቶችም መልሱ ያው ነው።

2ኛ ሳምንት፦ ኢሚዩኖሎጂ በክትባት ካርድ

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ምክንያቱ የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን የሚያዝ ነገር አለመኖሩ ይመስለኛል፤ ሁሉም ቀስትና አሕጽሮት ነው። ስለዚህ የሚያዝ ነገር ፈልጉ። ሕፃን ያለበት ቤት ሄዳችሁ የክትባት ካርዱን ስልካችሁ ላይ አንሱ፤ ስሙን ሸፍኑት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር «ይህ ምንድን ነው? ለምን በዚህ ዕድሜ? ለምን ይህን ያህል ጊዜ?» እያላችሁ ጠይቁት።

በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠውን ፔንታቫለንት እንውሰድ። አንድ መርፌ ውስጥ አምስት ነገር አለ። የዲፍቴሪያና የቴታነስ ቶክሶይድ፣ ማለትም መርዛማነቱ የጠፋ መርዝ፤ የተገደለ የትክትክ ባክቴሪያ፤ የሄፓታይተስ ቢ የገጽ ፕሮቲን፤ ከፕሮቲን ጋር የተጣመረ፣ ሂብ ከሚባለው ባክቴሪያ ሽፋን የተወሰደ ስኳር። የክትባት ዓይነቶችን በሙሉ ሊያስተምር ጥቂት የቀረው መርፌ ነው። የቀረውን ሕያው ዓይነት ከቢሲጂ፣ ከኩፍኝና በአፍ ከሚንጠባጠበው ፖሊዮ ታገኙታላችሁ።

ለምን ሦስት ጊዜ? የሞተ ነገር ሰውነት ውስጥ አይባዛም፤ አንድ ጊዜ ሲገባ መጀመሪያ አይጂኤም (ቀድሞ የሚመረተው ፀረ እንግዳ አካል)፣ ከዚያ ጥቂት አይጂጂ ይወጣና ይወርዳል። ሲደገም የማስታወሻ ቢ ሴሎች ቶሎ ይነሳሉ፤ አይጂጂው ይበዛል፣ ጥራቱም ይጨምራል። ይህን በሁለት ጉብታ ሣሉት፣ ትንሽና ትልቅ። የሂቡ ስኳር ለምን ከፕሮቲን ጋር ተጣመረ? ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለብቻው ለቀረበ ስኳር ጥሩ ምላሽ አይሰጥም። ስኳር ቲ ሴልን አይጠራም፣ ፕሮቲን ግን ይጠራል። ፕሮቲኑን የተሳፈረበት ባጃጅ አድርጋችሁ አስቡት። የሳንባ ምች ክትባቱም ስልቱ ያው ነው።

ቲ ሴል ላይ ስትደርሱ አንድ የማባዛት ሒሳብ ያዙ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ 8 ነው። ሲዲ 4 እና ሲዲ 8 የቲ ሴል ዓይነቶች ናቸው፤ ኤምኤችሲ ደግሞ ሌሎች ሴሎች የእንግዳውን ቁራጭ ለቲ ሴል የሚያሳዩበት ፕሮቲን ነው። ሲዲ 4 ከኤምኤችሲ 2 ጋር፣ ሲዲ 8 ከኤምኤችሲ 1 ጋር። አራት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት ጊዜ አንድ። ኤችአይቪ የሚያጠቃው የትኛውን እንደሆነና ቲቢ ለምን እንደሚከተለው ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ማክሮፌጁ ድረሱ።

አራቱን የሃይፐርሴንሲቲቪቲ (ከልክ ያለፈ የመከላከያ ምላሽ) ዓይነቶች በፍቺ አትያዙ፤ በአራት ታማሚ ያዙ። ፔኒሲሊን ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያጠረውና ሽፍታ የወጣበት 1ኛው ነው፣ አይጂኢ። እናቱ አርኤች ኔጌቲቭ ሆና ደሙ የፈረሰበት ሕፃን 2ኛው ነው። የጉሮሮ ሕመሙ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ፊቱ ያበጠና ሽንቱ የቀላ ልጅ 3ኛው ነው፤ የአንቲጂን (ሰውነት እንግዳ ብሎ የሚለየው ነገር) እና የፀረ እንግዳ አካል ጥምር ኩላሊቱ ላይ ተከማችቷል። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ተወግቶ ክንዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነበብለት 4ኛው ነው፤ ቲ ሴል ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ አንድ በሽታ፣ አንድ ወረቀት

ነጭ ወረቀት አግድም አድርጋችሁ ሦስት ዓምድ ክፈሉ። ግራው «ማነው?»፣ መሐሉ «ሰውነት ምን አደረገ?»፣ ቀኙ «ሰውየው ምን ሆነ?» ይባል። ዋናው ሥራ ዓምዶቹን መሙላቱ አይደለም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስት መሳቡ ነው። ቀስት ያልተሳበለት መረጃ ፈተና ክፍል አብሯችሁ አይገባም።

ሁልጊዜ በግርሻ ነው የማስጀምራቸው። በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ፣ እኛ ጋር ግን ዛሬም ያለ በሽታ ነው።

ግራ ዓምድ። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ስፓይሮኪት። ተሸካሚው የሰውነት ቅማል ነው። መተላለፊያው ላይ ቁሙ፤ ንክሻው አይደለም። ቅማሏ ስትደቆስ በውስጧ ያለው ባክቴሪያ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ከሰው ሌላ ማደሪያ የለውም። በክረምት የሚብሰው ሰው ብርዱን ሽሽት ተጠጋግቶ ስለሚተኛ፣ ልብስም እንደልብ ስለማይታጠብና ስለማይደርቅ ነው።

መሐል ዓምድ። ሰውነት በባክቴሪያው ገጽ ላይ ላለው ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፣ በዋናነት አይጂኤም። ባክቴሪያው ከደም ይጠረጋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል። ጥቂቶቹ ግን የገጻቸውን ፕሮቲን ቀይረዋል። ሌባው ካፖርቱን ለውጦ በዚያው በር ተመለሰ፤ ዘበኛው የሚያውቀው የድሮውን ካፖርት ነው። ለአዲሱ ገጽ አዲስ ፀረ እንግዳ አካል እስኪሠራ ባክቴሪያው እንደገና ይበዛል።

ቀኝ ዓምድ። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ አንዳንዴ ነስርና የዓይን ቢጫ መሆን። ቀናት ያተኩሳል፣ ሳምንት ያህል ይተዋል፣ ያገረሻል። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። ምርመራው ትኩሳቱ እያለ የተወሰደ የደም ስሚር (ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ደም) ነው፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ባክቴሪያው ከደም ስለጠፋ ባዶ ትሆናላችሁ። ይህችን ከመሐሉ ዓምድ በቀስት አገናኟት። ሕክምናው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ ግን ታማሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ያሪሽ ኸርክስሃይመር ይባላል፤ ባክቴሪያው በጅምላ ሲሞት ሰውነት እንደ ቲኤንኤፍ ያሉ ሳይቶካይኖችን (የመከላከያ ሴሎች የሚለቋቸውን መልእክተኛ ፕሮቲኖች) በአንዴ ይለቃል።

ሁለተኛው ወረቀት ተስቦ ይሁን፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። እኛ አገር ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» የሚለው እንደ መንታ ወንድማማች ነው፤ በአማርኛም ሁለቱንም ተስቦ እንላቸዋለን። ምንም ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ ሳልሞኔላ ታይፊ ነው፦ ግራም ኔጌቲቭ፣ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚገባ፣ ደም ካልቸር ላይ የሚበቅል። ታይፈስ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ነው፦ በቅማል ዓይነ ምድር የሚተላለፍ፣ ሴል ውስጥ ካልሆነ የማይበቅል። ሁለቱም የሚፈለጉት ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል በሚያነቡ ምርመራዎች ነው። የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል የሳልሞኔላውን አንቲጂን ይጠቀማል። የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ ግን የሪኬትሲያውን ሳይሆን ፕሮቲየስ የሚባል የሌላ ባክቴሪያ አንቲጂን ተውሶ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብቻ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ዊዳል ያለፈ ሕመምን ወይም ሌላ ባክቴሪያን ሊያነብ እንደሚችል ስትረዱ፣ ኢሚዩኖሎጂው ሥራ ላይ ሲውል አያችሁት ማለት ነው።

ወባ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከዚህ በላይ ታውቁታላችሁ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ወደ ግልገል ጊቤ ዝቅ ስትሉ ወባው ይጠብቃችኋል። ሁለቱን የወባ ጥገኛዎች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስን፣ ጎን ለጎን አድርጉ። ፋልሲፓረም ያደገው ጥገኛ ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ስሚር ላይ በብዛት የሚታየው ቀለበት መሰሉ ወጣት ጥገኛና ሙዝ መሰሉ ጋሜቶሳይት (የመራቢያ ደረጃው) ነው፤ አንጎልንም የሚያጠቃው ከዚሁ የተነሳ ነው። ቫይቫክስ የያዘውን ቀይ የደም ሴል ያሳብጣል፣ ነጠብጣብ ያደርግበታል፣ ጉበት ውስጥም ተኝቶ ይቆያል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ነው። «የሚያገረሽ» የሚለውን ቃል ስታዩ ግርሻው በገጽ መለወጥ፣ ቫይቫክሱ በጉበት እንቅልፍ መሆኑን ለዩ። በየዓመቱ ሰው የሚያሳስት ምርጫ ነው።

ትላትሎቹን በመግቢያ በር መድቧቸው፤ በአፍ የሚገባ፣ በባዶ እግር የሚገባ፣ በውኃ ውስጥ ቆዳ የሚበሳ፣ በነፍሳት የሚመጣ። ብልሃርዚያ ጋ ስትደርሱ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ይህን ታሪክ የያዘ ተማሪ የብልሃርዚያን መካከለኛ አስተናጋጅ አይረሳም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ወደ ቀበሌ ስትወጡ ወረቀቶቻችሁን ያዙ። የመጠይቅ ቅጽ ሞልቶ መመለስ ብቻ ያሳዝናል።

5ኛ ሳምንት፦ ጥያቄ መፍታት

እንዲህ ያለ ጥያቄ ራሳችሁ አዘጋጁ። «ግንባታ ላይ የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት፣ ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይተኛል። 4 ቀን ከፍተኛ ትኩሳት፤ የደም ስሚሩ ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ታየ። ፔኒሲሊን ከተወጋ ከ2 ሰዓት በኋላ ተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳቱ ጨመረ። ሽፍታም የትንፋሽ ማጠርም የለም። ሀ. የፔኒሲሊን አለርጂ፤ ለ. መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ፤ ሐ. ያሪሽ ኸርክስሃይመር፤ መ. ተጨማሪ ወባ።»

«ሐ» ብላችሁ አትለፉ። ሌሎቹ ለምን እንዳልሆኑ ጻፉ። «ሀ» ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከሽፍታና ከትንፋሽ ማጠር ጋር በመጣ ነበር። «ለ» በ2 ሰዓት አይታወቅም። «መ» ቢሆን ስሚሩ ላይ ጥገኛው በታየ ነበር። ከዚያ «ሀ» ትክክል እንዲሆን ከጥያቄው ውስጥ የትኛውን ቃል ልቀይር? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ጥያቄ አራት ሆነ። በቀን እንዲህ ያለ 15 ጥያቄ፣ መልስ ብቻ ከሚያዩበት 100 ጥያቄ ይበልጣል። ይህን የምለው ሁለቱንም ሞክሬ ነው።

የሳታችሁትን በቀይ ለብቻ መዝግቡ፤ ከጎኑ ምክንያቱን። «አላውቀውም ነበር»፣ «አምታታሁት»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩም»። ሦስተኛው የበዛበት ሰው ተጨማሪ ጥናት ሳይሆን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው የሚያስፈልገው።

የመጨረሻው ሳምንትና የፈተናው ቀን

አዲስ ነገር አትጀምሩ። በየቀኑ አምስት በሽታ መርጣችሁ ሦስቱን ዓምድ ሳታዩ ከባዶ ሙሉ፣ ከዚያ ከድሮው ወረቀት ጋር አስተያዩ። የጎደለው በማግስቱ ይደገማል፣ የተሟላው ይቀመጣል። ከተቻለ ከትምህርቱ ውጭ ላለ ሰው አስረዱ፤ ዶርም ውስጥ ያለ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይበቃል። ደጋግሞ «ለምን?» የሚል ሰው ምረጡ።

ዋዜማውን ተኙ። ጅማ ቡና ሞልቷል፣ ያን ማታ ግን ከአቦሉ በኋላ ቶናውን እለፉት።

መሞከሪያ ወረቀት ከተሰጣችሁ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንበባችሁ በፊት ሁለት ነገር አስፍሩበት፦ መድኃኒቶቹ ያሉበትን የባክቴሪያ ሥዕልና አራቱን ታማሚዎች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ረጅም ታሪክ ያለው ጥያቄ ሲመጣ መጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ነው፣ መተላለፊያው ነው፣ ወይስ ምርመራው? እሱን ይዛችሁ ወደ ታሪኩ ተመለሱ። አንድ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከያዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን 60ኛው ጥያቄ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።